ሽቦው ከወለቀ በኋላ ያለውንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ሱቄ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሰሞኑን በጤና ገጻችሁ ስለ ጥርስ ሽቦ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደህና ጽሑፍ ነው። ሽቦ ለማን እንደሚታሰር፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ እንዴት እንደሚጸዳ በደንብ ያስረዳል። ግን ሽቦው የሚወልቅበት ቀን ላይ ሲደርስ ያበቃል። የልጄ ችግር ደግሞ የጀመረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

ትልቋ ልጄ አሁን 21 ዓመቷ ነው። በ2009 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለች ጥርሷን ስትገጥም የታች የፊት ጥርሶቿ ጭራሽ አይታዩም ነበር። የላይኞቹ እንደ መጋረጃ ወርደው ይሸፍኗቸዋል። ሐኪሞች ይህን «ዲፕ ባይት» ይሉታል። መጀመሪያ ነገሬም አላልኩት። ጥርሷ ነጭ ነው፣ የተደረደረ ነው፣ ምን ጎደላት? የነቃሁት በርበሬ ጠንከር ያለበት ሽሮ ስትበላ ፊቷን ስታኮማትር ነው። አፏን አስከፍቼ አየሁ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ላንቃዋ ላይ፣ የጥርስ ቅርጽ ያለው ቁስል አለ። ልጄ ባኘከች ቁጥር የታች ጥርሶቿ የራሷን ላንቃ ይወጉት ነበር።

ሌላም ምልክት ነበር፣ እኔ ትርጉሙን ያላወቅኩት። ሱቅ መጥታ ስታግዘኝ ክር በጥርሷ መበጠስ አትችልም ነበር። እኔና ረዳቴ ቁልፍ ተክለን ስንጨርስ በፊት ጥርሳችን ጠቅ እናደርገዋለን። እሷ ግን ክሩን ወደ ጎን ጥርሷ ትወስደዋለች። የፊት ጥርሶቿ ጫፍ ለጫፍ አይገናኙማ። (በኋላ ክር በጥርስ መበጠስ ጥርስ እንደሚሸርፍ ተነግሮን ሁላችንም ትተነዋል። አሁን ትንሽ መቀስ በአንገታችን እናንጠለጥላለን። ልብስ ሰፊ አንባቢ ካለ ይህንንም ይያዝልኝ።)

ሐኪም ሲለካት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን በ7 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ጤናማው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። እኔ በሜትር የምኖር ሰው ነኝ። ትከሻ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ከተሳሳትኩ ቀሚሱ እንደሚበላሽ አውቃለሁ። አፍ ውስጥ ግን አራት ሚሊሜትር ሰውን ሊያቆስል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ወሰድናት። ሁለት ዓመት፣ በየወሩ። ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ እንገኛለን። ሰኮሩን ተኝታ ታልፋለች፣ የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ ትነቃለች፣ ወልቂጤ ቁርስ እንበላለን። ለሽቦው 28 ሺህ ብር ከፈልን፣ ትራንስፖርቱ ለብቻው። በክረምት ሰፈሩ ሁሉ የበቆሎ እሸት ሲግጥ የእሷን በቢላ እየፈለፈልኩ በሳህን እሰጣት ነበር። አንድም ቀን አላማረረችም።

ሐምሌ 2011 ሽቦው ወለቀ። ከአዲስ አበባ እንደተመለስን ቤት እንኳን ሳትደርስ ሱቅ ገባች። ከማሽኑ ላይ ክር ስባ፣ በፊት ጥርሷ ጠቅ አድርጋ በጠሰችው። እልል አልኩ። ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች ምን ተገኘ ብለው መጡ።

የዚያን ቀን ከክሊኒኩ ይዘን የወጣነው አንድ ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፣ «ሪቴይነር» የሚሉት። «ማታ ማታ አድርጊው» አሏት። ይህ ነው የተነገረን። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልተነገረንም። ለምን እንደሆነም አልተነገረንም። ቢጠፋስ፣ ቢሰበርስ የሚል ነገር አልተነሳም። ቀጣይ ቀጠሮም አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ሰው ሥራው አልቋል ሲሉት ምን ብሎ ይጠይቃል?

ልጄ ስድስት ወር አደረገችው። ጥር 2012 የዘመድ ሰርግ ነበር። ምሳ ልትበላ ስትቀመጥ ሪቴይነሩን አውልቃ በሶፍት ጠቀለለችው። ሳህን የሚሰበስቡት ልጆች ሶፍቱን ከሳህኑ ጋር አነሱት። ቆሻሻ መጣያው ድረስ ሄደን፣ የሰርግ ልብሳችንን ሰብስበን ፈለግን። የለም። ክሊኒኩ ስደውል ሌላ ለማሠራት ልጅቷ ራሷ መምጣት አለባት፣ ዋጋው ደግሞ 3 ሺህ ብር ነው ተባልኩ። የሁለት ሰው መሳፈሪያ ሲጨመርበት ለእኔ ከባድ ነበር። ፋሲካ ይለፍና እወስዳታለሁ አልኩ። መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ገባ። መንገዱም ቀረ፣ ሥራውም ቀዘቀዘ። ሁሉ ነገር ሲመለስ እኛ ጉዳዩን ረስተነዋል። ጥርሷ ያምራል፣ ምን ያስቸኩላል?

በ2014 አንድ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ሆና ክሩን ወደ ጎን ጥርሷ ስትወስደው አየሁ። መርፌው ከእጄ ወደቀ። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። ለካ ከዓመት በላይ ያውቅ የነበረው የእሷ ልብ ብቻ ነው። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ብር እያሰበች ለእኔ መናገር አፍራ ነበር። የላይኞቹ ጥርሶች እንደገና ወርደዋል። የታችኞቹ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ መደረብ ጀምረዋል። ቆይቶ ሲለካ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደወልኩ። «ሪቴይነሩን ስላላደረገችው ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ አላደረገችም። ግን እስቲ ፍረዱ። የ14 ዓመት ልጅ ምክንያቱ ያልተነገራትን ነገር ለዓመታት ሳታቋርጥ ልታደርግ ትችላለች? እኔ ለደንበኛ ልብስ ሳስረክብ እንኳን «ይህ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይሰበሰባል» እላለሁ። ሳልናገር ቀርቼ ቀሚሱ ቢያጥር ጥፋቱ የደንበኛዋ ነው ማለት አልችልም።

በ2015 ሌላ ዶክተር አገኘን። እኚህ ዶክተር ከመለካታቸውም፣ ዋጋ ከመናገራቸውም በፊት አንድ ሰዓት ያህል አስረዱን። የነገሩንን በልኬት ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እናንተም አንባቢዎቻችሁም እንድታውቁት የምፈልገው እሱን ነው።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ነገር አይደለም አሉኝ። ደቃቅ ክሮች ከአጥንቱም ከድዱም ጋር አያይዘው ይዘውታል። ሽቦ ጥርሱን ሲገፋው እነዚያ ክሮች ይወጠራሉ። ጥርሱ አዲሱ ቦታ ቢደርስም ክሮቹ ወደ ድሮው ይጎትቱታል፣ አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ድረስ። እስከዚያ ጥርሱን በቦታው የሚይዘው ሪቴይነሩ ነው። ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋሉ። ድድ ውስጥ ያሉት ጠንካሮቹ ከ4 እስከ 6 ወር። በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉት፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡት፣ ዓመት ገደማ ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም። ሽንሽን ቀሚስ ለብዙ ጊዜ ታጥፎ የተቀመጠበት መስመር በአንድ ካውያ አይጠፋም። ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ፣ ጊዜ ካላገኘ ጨርቁ ወደለመደው ይመለሳል። የልጄ ሪቴይነር የጠፋው በስድስተኛው ወር መሆኑን ያኔ ቆጠርኩ።

ይህ ለማንኛውም ሽቦ ለታሰረለት ሰው ነው። ዲፕ ባይት ግን የራሱ ጣጣ አለው። የተሸፈነውን ጥርስ ለመግለጥ ሦስት መንገድ አለ። የፊት ጥርሶቹን ወደ አጥንቱ ገፋ ማድረግ፣ የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ከፍ እንዲሉ ማድረግ፣ ወይም ወደ ውስጥ ያጋደሉትን የፊት ጥርሶች ወደ ፊት ማቅናት። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ይቀላቀላሉ። የኋላው ከፍ ሲል የታች የፊት ጥርሶች ይገለጣሉ፣ ነገር ግን የማኘኪያ ጡንቻ በየቀኑ ይጫነዋል። እንደ ልጄ ፊቷ አጠር ያለ፣ የመንጋጋ ጡንቻዋ ጠንካራ የሆነ ሰው ላይ ይህ ጫና ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማረፊያ ነው። በካርዷ ላይ «ክላስ 2 ዲቪዥን 2» ይላል። ኤድዋርድ አንግል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1899 ካወጣው አከፋፈል የመጣ ስም ነው። የላይኞቹ መሀል ጥርሶች ወደ ውስጥ አጋድለው ቀጥ ብለው የሚወርዱበት ዓይነት ነው። እንዲህ ሲሆን የታችኛው ጥርስ ጫፍ ሲነከስ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። እንደ ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። የመጀመሪያው ሕክምና ጥርሶቹን አስተካክሎ ደርድሯቸዋል፣ የላይኞቹን ሥር ግን በሚፈለገው መጠን አላዞረውም። የታችኛው ከላይኛው ጀርባ ላይ መርገጫ ካላገኘ ከዓመት ዓመት እየተንሸራተተ ይመለሳል። ዶክተሯ ሁለት እርሳስ ይዘው፣ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ዘንበል አድርገው ሲያሳዩኝ ገባኝ።

ሦስተኛው እድገት ነው፣ እኔን ያስቆጣኝም ይህ ነው። ልጄ ሽቦው ሲወልቅላት 14 ዓመቷ ነበር። የታች መንጋጋ እስከ ጉርምስናው ማብቂያ ድረስ ያድጋል። እንደ እሷ ያለ ፊት ላይ ሲያድግ ወደ ፊትና ወደ ላይ የመዞር ጠባይ አለው። ሲዞር ንክሻው ይጠልቃል፣ ማለትም የላይኞቹ ጥርሶች የታችኞቹን ይበልጥ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ቢያንስ እድገቷ እስኪያበቃ ድረስ የሚይዝላት ነገር ያስፈልጋት ነበር። ይህን ማወቅ የሚችለው እኔ ነኝ ወይስ ሐኪሙ?

ለእሷ የሚሻለው ሪቴይነር የሚያስተላልፈው ሽፋን ብቻ እንዳልነበረም ነገሩን። «ሃውሊ» የሚባል አለ። ላንቃ ላይ የሚቀመጥ ፕላስቲክ ሆኖ ከፊት ለፊት ሽቦ ያለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ። ለዲፕ ባይት ሲሆን ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ትንሽ ደረጃ ይሠራለታል። የታች ጥርሶች እዚያ ደረጃ ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያ በላይ አይገቡም። ቀላል ነገር ነው። አንድ ጣት የማትሞላ ፕላስቲክ።

ልጄ አሁን ፋርማሲ ትማራለች። የሳይንስ ጽሑፍ ፈልጋ ማንበብ ስለምትችል ቡና ስናፈላ እያነበበች ትተረጉምልኛለች። አሜሪካ፣ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሽቦ ታስሮላቸው የታከሙ ሰዎችን ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ጥናት ጥርስ ተነቅሎላቸው በሽቦ የተስተካከሉ 65 ሰዎችን ሪቴይነር ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ አየ። የሁለት ሦስተኛ ያህሉ የታች የፊት ጥርስ አሰላለፍ ተበላሽቷል። በ1988 የወጣው ደግሞ ከእነዚያው ሰዎች የተወሰኑትን በ20ኛው ዓመት አየ። አሰላለፉ ደህና የሚባለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ስለ ታች ጥርስ መደራረብ ነው እንጂ ስለ ንክሻው ጥልቀት አይደለም። ጥልቀቱን የተከታተሉ ጥናቶች የተሻለ ዜና አላቸው። ከተገኘው ለውጥ አብዛኛው ይቆያል፣ የተወሰነው ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው ወላጅ ተስፋ ቆርጦ ልጁን ሳያሳክም እንዲቀር አይደለም። በፍጹም። ላንቃዋ የቆሰለ ልጅ መታከም አለባት። ልጄ እንኳን የተመለሰችው ወደ 5 ሚሊሜትር ነው፣ ወደ ድሮው 7 አይደለም። ቁስሉም አልተመለሰም። ነገር ግን 28 ሺህ ብር ከፍሎ፣ ሁለት ዓመት መንገድ ለሚመላለስ ሰው የሚመለሰውን ክፍል ማስቀረት እንደሚቻል ካልተነገረው ግፍ ነው።

ሁለተኛው ሕክምና 16 ወር ፈጀ። በ2017 አለቀ። አሁን የታች ስድስት የፊት ጥርሶቿ ጀርባ ላይ ቀጭን ሽቦ ተለጥፎላታል። ከውጭ አይታይም። በየስድስት ወሩ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም አንዱ ጫፍ ቢላቀቅ ሰውየው ሳያውቀው ጥርሱ ሊሄድ ይችላል። በዙሪያውም ቆሻሻ ይይዛል፣ ስለዚህ ከሥሩ በክር ይጸዳል። ለላይኛው ማታ ማታ ደረጃ ያለውን ሃውሊ ታደርጋለች። ቀይ ሳጥን ገዛሁላት። ሕጋችን አንድ ነው፦ ከአፍ ከወጣ ሳጥን ውስጥ ነው። ሶፍት የለም፣ ኪስ የለም። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይታጠባል፣ ሙቅ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ለስንት ዓመት ብዬ ስጠይቅ ዶክተሯ «ጥርሱ በቦታው እንዲቆይ እስከፈለገች ድረስ» አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ በ2009፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብሰማ ኖሮ ብዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ ለሐኪሞቻችን የምለው አለኝ። የሽቦ ዋጋ ስትናገሩ የሪቴይነሩንና የክትትሉን ዋጋ አብራችሁ ተናገሩ። አንድ ቢጠፋ የሚተካበትንም ጨምሩ። ጠቅላላው ከፍ ቢልም እናውቀውና እንወስን። አንድ ገጽ ወረቀት ስጡን፣ ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ። ጅማ ላይ ከሆነ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ልጁ ራሱ የሚያነበው ይሁን፣ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ከክፍለ ሀገር ለምንመጣም አስቡልን። ሪቴይነር ለማሳየት ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ለብዙ ቤት የማይቻል ነው። ጅማ እኮ የጥርስ ሐኪሞች የሚሰለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። ሽቦውን ያሰረው ስፔሻሊስት ምን መታየት እንዳለበት ጽፎ ቢሰጠን፣ እዚሁ ያለ የጥርስ ሐኪም የተለጠፈው ሽቦ መያዙን አይቶ፣ ጥልቀቱን ለክቶ፣ ችግር ካለ ብቻ ቢልከን ምን ይከፋል? የልጄ ሁለተኛዋ ዶክተር እንዲህ አድርገውልናል። ደብዳቤ ጽፈው ሰጡን፣ በየስድስት ወሩ እዚሁ ትታያለች። ባለፈው ጥቅምት 3 ሚሊሜትር ነበር። ሽቦው ሲወልቅም 3 ነበር።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው። ያን ጽሑፍ የጻፈው ባለሙያ ሁለተኛ ክፍል ይጻፍልን። ስለ ሪቴይነር ዓይነቶች፣ ስለ እድገት፣ የትኛው ንክሻ ቶሎ እንደሚመለስ። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት፣ እሱ የሚያውቀውን ይጻፍ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ጎረቤቴ ሱቅ መጥታ ነበር። ልጇ 13 ዓመቱ ነው፣ የእሱም የታች ጥርሶች አይታዩም። ሽቦ ልታሳስርለት ቆርጣለች። «ምን ልጠይቃቸው?» አለችኝ። ከልኬት ደብተሬ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩላት። ሲያልቅ ምን ዓይነት ሪቴይነር ነው የምትሰጡት? ደረጃ አለው ወይ? ለስንት ዓመት? ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ከጠፋስ? የታችኛው ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ታበጁለታላችሁ ወይ? ማን ይከታተለዋል፣ የት ሆኖ? የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ይሳፈራሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ልብስ ሰፊ
ጅማ